ከፋብሪካ እንደወጣች

ያ የአሮጌ መኪኖች ሙዚየም፣ ሙዚየም ይባል እንጂ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ውስጡ አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ ቀይ አውቶቡስ፣ የሆነ ሐኪም ሲነዳት የኖረች ጥቁር አውቶሞቢልና ሌሎችም ተደርድረዋል። ጎብኚ መጣ ከተባለ ተማሪ ነው፤ እሱም ጥሩንባ ካልነፋሁ ብሎ ያስቸግራል። መኪኖቹን የሚጠግነውን መካኒክ ብሎኔ ይሉታል። ገሚሱ ቀጭን ስለሆነ ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ አንዴ ከገባበት ሥራ ነቅሎ የሚያወጣው ስለሌለ።

ብሎኔ አንድ ሕግ አለው። እዚህ የገባ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት። ባለቤቱ በሽቦ ያሰረው ይፈታል፣ በስቱኮ የደፈነው ይፋቃል፣ ያለ ቦታው የሰካው ይነቀላል። "ሾፌር ማለት መኪና የሚያበላሽ ሰው ነው" ይላል አፉን ሞልቶ። ከእጁ የተረፈች አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ የታላቅ ወንድሙ ታክሲ።

ወንድሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግዙፍ ሰው ነበር። ዕድሜ ልኩን ያቺን ታክሲ ሲነዳ የሾፌሩ ወንበር በክብደቱ ጎድጉዶ፣ ወደ በሩ አዘንብሎ ቀርቷል። መሪውን በጥቁር ፕላስተር ጠምጥሞት ነበር፤ ፕላስተሩ ላይ የጣቶቹ ቦታ ይታያል። እሱ ሲሞት ሚስቱ ታክሲዋን ለሙዚየሙ ሰጠች። "ስፈልግ ገብቼ ልቀመጥባት" አለች እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

እሁድ እሁድ ትመጣለች። ጋቢና ገብታ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ትቀመጥና፣ ወደዚያ ጎድጓዳ ዞራ የሳምንቱን ወሬ ታወራለታለች። የትኛው ጎረቤት ከማን እንደተጣላ፣ ጣሪያው እንዳፈሰሰ፣ ጉልበቷ እንዳስቸገራት። "አንተ ደግሞ ትስቃለህ!" ትለዋለች። ብሎኔ ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ፣ ላለመስማት ያፏጫል። ቤቷማ ፎቶው ነበራት። "ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ቦታ አይዝም" ትላለች። ከታክሲዋ ስትወርድ ፊቷ ፈታ ይላል፤ ሳምንቱን የምትገፋው በዚያች ሰዓት ነበር።

ልጇ መውለጃዋ ሲደርስ ልታርሳት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ብሎኔ የተነሳበት ይሄኔ ነው። እትዬ ስትመለስ ላስደስታት አለ። ምን ነካው አትሉም? ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ ፍቅር ነው! ለወንድሙ በቁሙ ያላደረገለትን ሁሉ ለታክሲው ሊያደርግ ቆርጦ ተነሳ። ላሜራዋን አቃና፣ ቀለም ቀባት፣ ፕላስተሩን ልጦ ጥሎ መሪውን አሳመረ። ወንበሩንም ነቅሎ ለመኪና ወንበር ሰፊው ወሰደለት። ቅንድብ ላስተካክል ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይሄ ነው።

የተመለሰች ሰሞን፣ እሁድ፣ ያማረ ልብሷን ለብሳ መጣች። ገና ከበሩ እጇን ታወናጭፋለች።

"ቆይ፣ አንተ ምንም እንዳትጠይቀኝ! መጀመሪያ ለእሱ ነው።"

"ምን ወለደች እትዬ?"

"አልነግርህም አልኩ እኮ!"

ብሎኔ እየሳቀ ሸራውን ገፈፈላት። ታክሲዋ ቦግ አለች።

እሷም በሩን ከፍታ ጋቢና ገባችና ወደ ሾፌሩ ወንበር ዞረች። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ተነፍቷል፤ አዲስ ቆዳ ይሸታል። እጇን ዘርግታ የወንበሩን መካከል ዳበሰች፤ እንደገና ዳበሰች።

"የታለ?" አለች።

"ምኑ እትዬ?"

"ጋሼህ።"

ብሎኔ ምን እንዳጠፋ ያኔ ገና ገባው። ቱታውን እንደለበሰ እየሮጠ ወንበር ሰፊው ዘንድ ደረሰ።

"የድሮው ስፖንጅ የታለ?"

"ያ የበሰበሰው? አቃጠልኩታ! ምነው፣ ወርቅ ደብቀህበት ነበር እንዴ?" አለ ሰውዬው እየሳቀ።

ምድር ጠበበችው።

ሲመለስ እዚያው ቁጭ ብላ አገኛት። "ተቃጥሏል" አላት፤ ምን ብሎ ይዋሽ? አልተቆጣችም። ምናለ በተቆጣች! "አይዞህ፣ ለመልካም ብለህ ነው" አለችው። ይሄ ከስድብ በላይ አንጀቱን ቆረጠው።

"እኔ ልቀመጥበት እትዬ" አለ። "ያው የአንድ እናት ልጆች አይደለን? ለእኔ ንገሪኝ፤ እሱ እንደሰማ ቁጠሪው።"

ገብቶ መሪውን ያዘ። ያ ቀጭን ገላው አዲሱን ስፖንጅ ቅንጣት አላጎደጎደውም።

እሷም ለእሱ ስትል ሞከረች። ዞር ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ወንድ ነው" አለች። "ጆሮው ቁርጥ ያንተን..." ብላ ቆመች።

ብሎኔ አንገቱን ሳያዞር ጠበቀ። ጋሼ ቢሆን ምን ይል ነበር? ይስቅ ነበር። ሊስቅላት ሞከረ፤ የወጣው ድምፅ ግን ሳቅ አልሆነም።

እጁን መታ መታ አደረገችለትና ቦርሳዋን አነሳች።

"ላንተማ እቤትም እነግርሃለሁ" አለችው።

ወጥታ ሄደች። ብሎኔ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ወንድሙ የተቀበረ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።