ሃምሳ ፊርማ ለኤልና

ኤልና ቴቬት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድታለች። አንድ ልጅ አልጎዳችም፤ አንድ ቀን አላረፈደችም። ማንም ሳይጠይቃት ይህን ታወራለች። ታውራ፣ ሠርታበታለች።

አሁን ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ወጥታለች። ቤቷ ቁጭ ብላ በመስኮት መንገደኛ እንድትቆጥር የሚመኙላት ሰዎች አሉ። አንዱ ላይል ግሮት ነው፤ ትራክተር ሻጭ፣ የትምህርት ቤት ቦርዱ ሰብሳቢ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጦበት ወንበሩ ከአባቱ የወረሰው የመሰለው ሰው። ቦርዱ አምስት ሰው ነው። ሦስቱ የገጠሯ ብራሽ ክሪክ ትምህርት ቤት ይዘጋና ሃያ ሦስቱ ልጆች ሠላሳ ስምንት ማይል ርቆ ወዳለው ከተማ ይመላለሱ ይላሉ። ላይል ከሦስቱ አንዱ ነው። ወንበሩን ሌላ ሰው ከያዘው ትምህርት ቤቱ ይተርፋል፤ እሱ ከቀጠለ በሰኔ ይዘጋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ያንን መንገድ ከኤልና በላይ የሚያውቀው የለም። በጥር በረዶው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅበትን ቁልቁለት፣ ነፋሱ አውቶቡሱን በጎኑ የሚገፋበትን ድልድይ ታውቃለች። የስድስት ዓመት ልጅ በዚያ መንገድ ይመላለስ ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው በክረምት መሪ ጨብጦ አያውቅም። ስለዚህ እወዳደራለሁ አለች።

ላይል እህል መጋዘኑ በር ላይ ሰው ሰብስቦ ሳቀ። «ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ቦርድ ገብታ ምን ልታስተምረን ነው?»

«ማስተማሩ የአስተማሪዎቹ ነው» አለችው። «እኔ አንተን ላስነሳ ነው የመጣሁት።»

ለመወዳደር ከአካባቢው መራጮች ሃምሳ ፊርማ ያስፈልጋል። ኤልና ሃምሳ ሰባት ሰበሰበችና በመጨረሻው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደረቷን ነፍታ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ጸሐፊዋ ማርሊስ በልጅነቷ በኤልና አውቶቡስ የፊት ወንበር ላይ እያለቀሰች የምትሄድ ልጅ ነበረች። ወረቀቱን አንድ በአንድ አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«እማማ ኤልና፣ ሠላሳ አንዱ አይሆንም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሞተዋል እንዴ?»

«የፖስታ ሳጥን ቁጥራቸውን ነው የጻፉት። ሕጉ የሚጠይቀው የቤት ቁጥር ነው፤ መንገድ ዳር አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ያለውን።»

ኤልና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። በብራሽ ክሪክ አድራሻህን ጻፍ ከተባለ የሳጥን ቁጥሩን የሚጽፈው ይበዛል። ደብዳቤ የሚመጣው ፖስታ ቤት ነው፤ ሰው የሚፈለገው በጎተራው ቀለም ነው። አረንጓዴውን ሰሌዳ አውራጃው ለአምቡላንስ ብሎ ካቆመው ወዲህ ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው።

«እኔ አውቅላቸዋለሁ፤ አሁን እዚሁ ልጻፈው።»

«አይሆንም። ፈራሚው በራሱ እጅ ነው የሚጽፈው።» ማርሊስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነው። ተወዳዳሪ ካልቀረበ ምርጫው ራሱ ይቀራል፤ አቶ ላይል ያለ ድምፅ ይቀጥላሉ።»

«ሃያ ስድስት አለኝ ማለት ነው።»

«አዎ። ሃያ አራት ይጎድላል።»

«እንግዲያው ምን ያስቆመኛል» አለችና አዲስ ቅጽ ይዛ ወጣች።

ፒካፗን አስነሥታ የሄደችው አጭሩን መንገድ ፈልጋ አይደለም። በአውቶቡሷ መስመር፣ ከመጀመሪያው ፌርማታ ጀመረች። በዚያ ተራ ብትሄድ ማንን የት እንደምታገኝ እጇም ያውቀዋል።

የመጀመሪያዋ ሩቢ ስካር ነበረች፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ባሏ የሞተባት ሴት።

«የቤት ቁጥር? ሳጥን አርባ አንድ ነዋ።»

«ሳጥን ውስጥ ነው እንዴ የምትተኚው?»

«ኤልና፣ ዛሬም አፍሽን የሚዘጋ አልተገኘም።»

«አልተገኘም። ነይ ውጪ፣ ሰሌዳሽን እንይ።»

የሩቢ ሰሌዳ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ነበር። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው እያነበቡ ሩቢ ቁጥሩን በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው፤ ወረቀቱ ጋ ሳትደርስ እንዳትረሳው። በሁለተኛው ቤት በረዶ ጠራጊው መኪና ሰሌዳውን ገጭቶ ጥሎት ቦይ ውስጥ አገኙት። በሦስተኛው ቤት ባልና ሚስቱ በቁጥራቸው ተጨቃጨቁና ሁለቱም ተሳስተው ተገኙ።

እስከ ስምንት ሰዓት አሥራ አራት ሰበሰበች። ምሳ አልበላችም።

ኦርቪል ደን ግን በሩ ላይ ተገትሮ አልሄድም አለ። «መንግሥት ቁጥር የሚሰጠኝ ላም ነኝ? ያንን ሰሌዳ አላነብም።»

«የላም ቁጥር ጆሮዋ ላይ ነው። ያንተ መንገድ ዳር ነው።»

«ያው ነው።»

ኤልና ቅጹን በብብቷ ይዛ ቀረብ አለችው። «ባሌ አርሎ ማድ ቤት ወለል ላይ የወደቀ ቀን የአምቡላንሱን ስልክ ያነሣችው ልጅ ቁጥራችሁ ስንት ነው አለችኝ። ነጩ ቤት፣ ከቀዩ ጎተራ አለፍ ብሎ አልኳት። አምቡላንሱ ስካሮች ጎተራ ሄዶ ሃያ ደቂቃ ቆመ። እኔው በብርድ ልብስ ጎትቼ መኪና ላይ ጫንኩት። ተርፏል፣ ግራ እጁ ግን አይሠራም። አሁን ሂድና ሰሌዳህን አንብብ።»

ኦርቪል ባርኔጣውን አደረገና ወደ መንገዱ ሄደ። ሲመለስ ጻፈ፣ ፈረመ። ሚስቱን ጠርቶ እሷንም አስፈረመ።

ከዚያ በርኔት ሆልም ቤት ደረሰች። ዕድሜው አርባ አልፏል፤ ቂሙ ግን ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው።

«በክረምት ከአውቶቡስ አውርደሽኛል። ሁለት ማይል በእግሬ ነው የሄድኩት።»

«የማርሊስ ጸጉር ላይ ማስቲካ ለጥፈህ ነበር።»

«ሁለት ማይል፣ ኤልና።»

«እስከ ደጃፍህ ከኋላህ ቀስ እያልኩ ስነዳ መብራቱን አላየህም? በሕይወቴ ያረፈድኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለሰው አልናገርም።»

በርኔት መሬት መሬት አየ። «እፈርማለሁ። ድምፄን ግን ለላይል ነው የምሰጠው።»

«ስጠው። መጀመሪያ ምርጫው ይኑር።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሦስት ሆነ። የመጨረሻው ፌርማታ የሃጌኖች እርሻ ነው፤ እዚያ አራት መራጭ አለ። ደርሳ ስታንኳኳ ውሻው ብቻ ጮኸ። ከብት ጨረታ ሄደዋል። ኤልና ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመች፣ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በረረች፤ ያቺን ፒካፕ እንደዚያ ነድታት አታውቅም።

ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ገባች። ላይል ግሮት እግሩን አነባብሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማየት ፈልጎ መጥቷል።

ማርሊስ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «አርባ ዘጠኝ» አለች።

«ለፋሽ፣ ኤልና» አለ ላይል እየተነሣ። «ከሦስት ዓመት በኋላ ሞክሪ።»

በዚያ አገር ሰው ራሱን አያስቀድምም። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ትሪው ላይ የቀረችውን አንዲት ቁራሽ ኬክ የሚያነሣ የለም፤ አንዱ ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ የቀረው እዚያው ይደርቃል። ኤልናም በዚያው ያደገች ናት። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ለራሷ እጅ አውጥታ አታውቅም።

«ማርሊስ፣ ተወዳዳሪው ለራሱ መፈረም ይከለከላል?»

ማርሊስ ቀና አለች። «አይከለከልም። ያደረገው ሰው አላየሁም እንጂ።»

«ነውር ነው» አለ ላይል።

«ነውር ነው» አለች ኤልና። «ብዕሩን አምጪው።»

ጎንበስ ብላ ጻፈች። እጇ ከባድ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አጥር ችካል ነው የምትተክለው። ላይል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል፤ እሷ አላየችውም፣ አልቸኮለችም። ስሟን ጨረሰች፣ የመንገዱን ስም ጨረሰች፣ ቁጥሩን ማንንም ሳትጠይቅ ጻፈች፣ ፈረመች።

ማርሊስ ማኅተሙን አነሣችና መታችው። ለአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

ላይል ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ በሩ ጋ ቆመ። «በግንቦት አሸንፍሻለሁ፣ ታውቂያለሽ።»

«ይሆናል» አለች ኤልና። «ግን እየለመንክ ነው የምታሸንፈኝ። ዛሬ ሃያ ሰው ቤት ገብቻለሁ፤ አንተ ደጃቸውን ከረገጥክ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። መንገዱ ከጠፋህ ጠይቀኝ።»

ቅጂውን ተቀብላ አጣጥፋ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ሃጌኖች ከጨረታ ተመልሰው እንደሆነ ልታይ ሄደች። ፊርማው በቅቷታል። አሁን የምትፈልገው አራቱን ድምፅ ነው።