የማይገጥም ቁጥር

ኦሪን ሃስኬል ታላቅ ወንድሙ ሲሞት የደረሰው አንድ የድሮ የጦር ሠራዊት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። እሱም ሙሉ አልነበረም። ጥይቶቹን የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ብረት የሌላ ሽጉጥ ነበር፤ በብረቱ ጀርባ የተመታው ቁጥር በእጀታው ታች ካለው አይገጥምም። ወንድሙ ለጥገና ሰጥቶት ነው የተለወጠበት፤ እስኪሞት ድረስ ሲቆጭ ኖረ። ኦሪን ሽጉጡን ከነቁጭቱ ወረሰ። ዋናውን ብረት ፍለጋ በኦሃዮ ያልዞረበት የጦር መሣሪያ ባዛር የለም።

በመኪናው የሚያዞረው ጓደኛው ሎዌል ታይስ ነው። ምልክት ማንበብ ያስተማረውም እሱ ነው፤ የሠራዊቱ ተቆጣጣሪ ማኅተም የት እንደሚመታ፣ የአሮጌ ቁጥር ጠርዝ እንዴት እንደሚዶለዱም፣ በቅርቡ የተመታ ደግሞ ጣት ሲያልፍበት እንዴት እንደሚቧጭር። ኦሪን የሽጉጡን ቁጥር ለሎዌል ካልሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። «ቁጥርህን ከሰሙ አስመስሎ የሚመታልህ አይጠፋም» ብሎ ያስጠነቀቀውም ራሱ ሎዌል ነበር።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ባዛሩ አዳራሽ እንደገቡ ሎዌል፣ «እዚያ ጥግ ያለችው ሴትዮ ጠረጴዛ ላይ የሚታጣ ነገር የለም፤ ሂድና እይ። እኔ የሚበላ ነገር ልግዛ» አለው።

ኦሪን ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ተሽከርካሪ ብረቶች አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ቁጥሩ የወንድሙ ሽጉጥ ቁጥር ነው። ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ምን ሆኑ አባባ? ወንበር ላምጣልዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«ደኅና ነኝ ልጄ።»

ጣቱን አሳለፈበት። ቧጨረው። አጉሊ መነጽሩን አወጣ። በቁጥሩ ዙሪያ ብረቱ ተፍቆ ጎድጉዷል፤ ከስምንት ቁጥር ሥር የሌላ አሃዝ ጭራ ይታያል። የተቆጣጣሪው ማኅተምም ግማሹ አብሮ ተፍቋል።

«ከየት አገኘሽው?»

«የኔ አይደለም። አንድ ሰውዬ ሽጭልኝ ብሎ ነው። የሚገዛው ሰው ዛሬ ይመጣል፣ ዋጋ እንዳትቀንሺለት፣ አይከራከርሽም አለኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

ሴትዮዋ ወደ ኦሪን ጀርባ በጣቷ ጠቆመች። «ያውና፣ ሳንድዊች ይዞ የሚመጣው።»

ሎዌል ወደ እሱ የተዘረጋውን ጣት ሲያይ እርምጃው ከበደ።

«ጎበዝ አስተማሪ ነህ» አለው ኦሪን።

«ስማኝ ወንድሜ። ዋናው አይገኝም። ስትንከራተት እያየሁህ አሳዘንከኝ፤ አገኘሁት ብለህ እንድታርፍ ብዬ ነው።»

«ካሳዘንኩህ ለምን በስጦታ አልሰጠኸኝም?»

«ትጠረጥረኛለህ ብዬ።»

«ዋጋ እንዳትቀንሺለት ያልካትስ? እሱም አዝነህልኝ ነው?»

ሎዌል አንዱን ሳንድዊች ዘረጋለት፤ ኦሪን አልተቀበለውም።

«በቃ፣ መኪና ውስጥ እናወራለን።»

«አንተ ሂድ። ልጄ መጥታ ትወስደኛለች።»

ከአዳራሹ ደጃፍ፣ ዝናብ በማይደርስበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ያ ብረት አልነበረም ያንገበገበው። በሎዌል መኪና ውስጥ ስለ ወንድሙ ያወራው ሁሉ መጣበት። አንዴ ሲያለቅስ ሎዌል ዳር ይዞ አቁሞ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጠብቆት ነበር። ታዲያ ያኔ ልቡ ውስጥ ምን ነበር? ልጁ ደርሳ «ሎዌልስ?» ስትለው፣ «ሄዷል» ብሎ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ሎዌል ከዚያ በኋላ ቤቱ ድረስ መጣ። ኦሪን በሩን ከፈተለት፤ ግባ ግን አላለውም። ባዛር መዞሩንም እርግፍ አድርጎ ተወው።