የባቡር ጣቢያው ፖስትካርድ

«አንብብላት እንጂ» ያለችው እናቴ ትመስለኛለች። «ምን ብዬ?» ያለው ግን አባቴ ነው፤ ድምፁን አልስተውም። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነው የሰማሁት። የቀረው ግማሹ ጠፍቶብኛል። በማግስቱ አባቴ ለእህቱ፣ ለአክስቴ፣ ባሏ ከጦር ሜዳ የላከላትን ፖስትካርድ አነበበላት፦ «ደህና ነኝ። እመጣለሁ። ቤቱን እንዳትለቂ።»

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤቱንም አልለቀቀችም።

ካርዱን አባቴ «አንተ ያዝላት» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። የትልቅ ከተማ ባቡር ጣቢያ ነበረበት፣ ባለ ጉልላት፣ ሰዎቹ ከዓምዶቹ ሥር ጉንዳን አክለው። የፖስትካርድ አባዜዬ በዚያ ጀመረ። ዛሬ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ያስተማረኝ የለም፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች የለቃቀምኳቸው ካርዶች ሣጥን ሞልተዋል፦ ቤተ መንግሥት፣ ቲያትር ቤት፣ ድልድይ፤ በጀርባቸው የወታደር ጽሑፍ። እሑድ እሑድ ለአክስቴ አነብላታለሁ።

«‹ብርዱ በርትቷል፣ ካልሲ ላኪልኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ።›»

«ካልሲ እየለመነ አታስቢ ይላል እንዴ! ቀጥል እስቲ።»

ባለፈው ክረምት የቤቷ የጓሮ ግድግዳ ተናደ። ሐኪሙም ሳንባሽ እርጥበት አይችልም አላት። እኛ ጋ ግቢ ብላት፣ «እሱ የሚያውቀው አድራሻ ይኸ ነው» አለችኝ። ባሏ ሳይመለስ አርባ አንድ ዓመት! ከዚያም ቀጠለች፦ «በል የእኔን ካርድ አምጣ። አባትህ ሲያነብ ዓይኑ ካርዱ ላይ አልነበረም። አንተ እንደተጻፈው አንብብልኝ። እመጣለሁ ካላለ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ያልነገርኳት ነገር ነበር። ካርዱን በልጅነቴ በአናጺ ሙጫ ደብተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሕንፃው ወደ ላይ፣ ጽሑፉ ወደ ታች። ያኔ ለእኔ ካርድ ማለት ሕንፃው ነበር። ስንት የተጣበቀ ገጽ ያላቀቅኩ ሰው ይኸኛውን ለመንካት ስፈራ ኖሬያለሁ።

ጸልዬ ጀመርኩ። በእንፋሎት አለሰለስኩት፣ በቀጭን ቢላ ጠርዙን ፈለቀቅኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሙጫው ቀለሙን በልቶታል። የተረፈው ስሟና አድራሻዋ ብቻ ነው።

ልዋሽ አስቤ ነበር። «አትጠብቂኝ ይላል» ብላት ትመጣለች፣ ሳንባዋም ያርፋል። አምላክ ይቅር ይበለኝና መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። ፊቷ ስቀመጥ አቃተኝ።

«ጠፍቷል አክስቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሙጫ።»

ካርዱን ተቀብላ ጀርባውን በጣቷ ዳበሰችው።

«ሕንፃውስ?»

«ሕንፃው ደህና ነው።»

«እሰይ! እንኳን ሕንፃው ተረፈልህ።» ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ውሃ አጠጣኋት።

«አባትህ የለ፣ እናትህ የለች» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «እንግዲህ ምን እንዳለ የሚነግረኝ ሰው የለም ማለት ነው?»

«የለም፣ አክስቴ።»

በተናደው ግድግዳ ቦታ የወጠርኩላትን ላስቲክ ነፋሱ ሲያርገበግበው ስታይ ቆየች።

«ቅዳሜ መጥተህ ውሰደኝ» አለችኝ። «አልጋዬን ግን መስኮት አጠገብ እንዳታደርግብኝ። መንገድ ማየት አልፈልግም።»