ሶፋ ሰፊዋ መኝታዋን ስታወርድ

የሶፋ ሰፊዋ ጆሮ ደህና ነው። ደነቆረች የተባለችው ትልቁ ልጇ ባገባ በዓመቱ ነበር። ምራቷ፣ «እማዬ፣ መጋረጃዬን ዙሪያውን ዘርፍ ያደርጉልኛል?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት። ሶፋ ሰፊዋ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ስታይ ዓይኗን ስለሚያሳክካት፣ ሦስቴም መርፌዋ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ምራቷ አዘነች። ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ውይ፣ የእናትህ ጆሮ እኮ ሄዷል» አለችው። ነገሩ በዚሁ ጸደቀ።

መጀመሪያ ላይ ልታስተባብል አስባ ነበር። ሲቆይ ግን ተመቻት። ደንቆሮን የሚለምን ሰው መጮህ አለበት፤ እየጮኹ መለመን ስለሚያሳፍር ደግሞ ብዙው ሰው ይተወዋል። በዚያ ላይ ቤተሰቡ ስለ እሷ የሚመክረውን ሁሉ እዚያው ፊቷ ቁጭ ብሎ በተለመደ ድምፅ ይመክራል። ለእሷ የሚነገራት ብቻ በጩኸት፣ ተቆራርጦ ይመጣል። ስለዚህ ሁሌም ሁለት ወሬ ይደርሳታል፤ እውነተኛውና ለእሷ የተዘጋጀው።

ቤቷ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ የሥራ ቦታዋ፣ ፎቁ መኝታዋና ሳሎኗ ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ጠባብ የእንጨት ደረጃ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መዶሻውንም መቀሱንም የያዘችው እሷ ናት። የሰፈሩ ሰው «እማማ ሶፋ» ይላታል። አሮጌ ሶፋ ሲመጣላት ገልብጣ ጨርቁን ትቀድና ሞላው የላላበትን ቦታ በእጇ ትዳብሳለች። ከዚያ የቤቱ አባወራ በየትኛው በኩል ተጋድሞ እንደሚያንኮራፋ፣ የትኛው ጥግ ለእንግዳ ተብሎ ማንም ሳይቀመጥበት እንደኖረ ትናገራለች። ባለቤቶቹ ይደነግጣሉ።

ዕድሜዋ ሰባን ተሻግሮ መንገድ ጀምሯል። ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ይናገራል፣ ስትወርድ ይደግመዋል። ክር ልታስገባ ስትል መርፌው ይሸሻታል። መነጽሯን አንድ ሶፋ ሆድ ውስጥ ረስታ ሰፍታበት፣ ባለ ሶፋው «ይቆረቁረኛል» ብሎ መልሶላታል። ይህን ሁሉ አትክድም። የምትክደው ሌሎች ከዚህ ተነስተው የሚደርሱበትን ነው። ትልቁ ልጇ አንድ ጊዜ በዘመድ ፊት፣ «እናታችን እንደ ጥሩ ሶፋ ናት፤ ጨርቁ ቢያረጅም እንጨቱ አይነቃነቅም» ብሎ ንግግር ሲያደርግ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሷ አላጨበጨበችም። ሶፋ ባስቀመጡት ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከደረጃው የመጨረሻ እርከን ላይ ተንሸራታ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ምንም አልሆነችም። ችግሩ ሥጋ ሻጩ ጎረቤቷ በበሩ ሲያልፍ ማየቱ ነው። ሥጋ ሻጩ ያየው ወሬ ከሥጋው ቀድሞ ይሸጣል። በሳምንቱ ሦስቱም ልጆቿ ፎቅ ላይ ሳሎኗ ውስጥ ተሰበሰቡ።

ትልቁ ልጇ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ስብሰባ ይመራል። «አጀንዳው አንድ ነው፤ ደረጃው» አለ።

«ደረጃው ብቻ አይደለም» አለች ነርሷ ልጇ። «ሥራው ነው። በዚህ ዕድሜ መዶሻ? ደም ግፊቷን እኮ እኔ ነኝ የምለካው።»

«እና እንዴት እናስቁማት?» አለ የመጨረሻው። እሱ ግንባሩ እስከ ማጅራቱ ደርሷል፤ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው።

ኃላፊው አሰበበት። «አልጋዋን ምድር ቤት እናወርዳለን። አልጋ ሲገባ ሥራው ቦታ ያጣል። የስፌት መኪናው የኔ ጋራዥ ይግባ። ሥራ አቁሚ ካልናት ታኮርፋለች። ስለ ሥራው ምንም ሳንላት ቀስ በቀስ ትረሳዋለች።»

ሶፋ ሰፊዋ አጠገባቸው ሆና የወንበር ልብስ ጠርዝ ትጠልፋለች። እጇ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ደረጃውን መተው ትችል ነበር። ሥራው ግን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ነገር ነው። የሰው ቤት ገበና ሁሉ እጇ ላይ የሚመጣው፣ ልጆቿ ሲረሷት ሰው በሯን የሚያንኳኳው በእሱ ነው። እነዚህ ልጆች እሱን አንስተው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሊያስገቡት ነው።

ኃላፊው ጆሮዋ ስር ጎንበስ አለ። «እማዬ! መኝታሽን! ወደ ታች! እናወርድልሻለን! ደረጃ! እንዳትወጪ!»

«መኝታዬን?» አለች።

«መኝታሽን!»

«እሰይ፣ ተባረኩ! አውርዱልኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። ማሙሽ እንዲያውም እንባ ቢጤ መጣበት።

በተቀጣጠሩበት ቀን ሲመጡ ምድር ቤቱ ጥርግ ብሎ ጠበቃቸው። መኪናው የለም፣ ጠረጴዛው የለም፣ ስፖንጁ የለም። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል። «ራሷ ለቀቀችው!» አለች ነርሷ። ፎቅ ላይ የሳሎኑ በር ተዘግቶ ነበር፤ አልጋውን ከመኝታ ክፍሉ ፈታተው አወረዱና ገጠሙት፤ አንሶላውንም አነጠፉ። ሶፋ ሰፊዋ ትራሷን ደባበሰችና «እንዴት ያለ ቤት ወጣው!» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃውን ትወጣ ጀመር። ጉልበቷ ተናገረ።

«ወዴት ነሽ?» አለ ኃላፊው መጮሁን ረስቶ።

«ሥራ ገባሁ» አለች ዞር ሳትል።

ተከትለዋት ወጡ። በሩን ስትከፍተው ሳሎኑ ሳሎን አልነበረም። የስፌት መኪናው መስኮቱ ስር ተተክሏል። የጨርቅ ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መዶሻና መቀሱ ልክ እንደ ታችኛው ቤት በየሚስማራቸው ተንጠልጥለዋል።

«እኛ እኮ ደረጃ እንዳትወጪ ብለን ነው!» አለ ኃላፊው።

«እናንተማ መኝታሽን እናወርዳለን አላችሁ፤ አወረዳችሁ። ስለ ሥራ የነገረኝ አለ?»

ነርሷ ለወንድሟ በሹክሹክታ፣ «ተዋት፣ ዛሬ አትነካካት። ሳምንት መኪናውን ሰው ልከን እናስወስደዋለን» አለችው።

«የላካችሁት ሰው ወገቡን ነው የሚያጣው» አለች ሶፋ ሰፊዋ ክር እየመረጠች። «ሲወጣ አንድ ኩንታል የሚያክል ብረት ነው ብለውኛል ተሸካሚዎቹ። ደግሞ ጋራዡ ያፈሳል።»

ማሙሽ ራሰ በራውን ዳበሰ። «ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«እሰማለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ።»

ሦስቱም ላለፉት ዓመታት እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሁሉ በየልባቸው ይቆጥሩ ጀመር። ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኃላፊው ግን ስብሰባ የለመደ ነውና ቶሎ አጀንዳው ላይ ተመለሰ። «ጥሩ። ከሰማሽ ስሚኝ። ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ መሬት ነው የምደርሰው። ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም!»

«አይደለም። ቁጭ ባሉበት የወደቁ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሶፋቸውን የማድሰው እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ብቻ ጎድጉዶ ይመጣል። ገብቶሃል? እኔ እንደዛ አልጎደጉድም። አርጅቻለሁ፣ ማንም አላስረጀኝም፣ ራሴ ነኝ ያረጀሁት። እንዴት እንደማረጅ ግን ድምፅ አትሰጡበትም።»

ኃላፊው አፉን ከፈተ። ከታች የሥጋ ሻጩ ድምፅ ቀደመው። «እማማ ሶፋ! አመጣሁት!»

ኃላፊው በመስኮት ወደ ታች አየ። ሥጋ ሻጩ ለሦስት ሰው የሚሆን ግዙፍ ሶፋ በጋሪ ጭኖ ቆሟል። ኃላፊው ሶፋውን አየ፤ ዞሮ ጠባቡን ደረጃ አየ። ፊቱ በራ። «እንግዲህ ይሄ በደረጃ አይወጣም» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሥራው ራሱ እምቢ አለሽ።»

«በደረጃ ማን ይውጣ አለ?» መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከመስኮቱ በላይ ብየዳ ሠራተኛ ጠርታ ያስተከለችው ወፍራም ብረት ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ መዘውር ተንጠልጥሏል። በመዘውሩ ያለፈውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ታች ለቀቀችው። «አንዱን ሶፋው ላይ እሰር! በመሃሉ፣ እግሩን እንዳትይዘው!» ብላ ለሥጋ ሻጩ ጮኸች። ከዚያ ልጆቿን አየች።

ማሙሽ ቀድሞ ወረደ። ነርሷ፣ «ቢያንስ ጓንት አለ?» እያለች ተከተለችው። ኃላፊው እጁን አጣምሮ መስኮቱ ጋ ቀረ።

ሁለቱ የገመዱን ሌላ ጫፍ ሲስቡ ሶፋው ከጋሪው ተነሳ። በአየር ላይ ቀስ እያለ ዞረ፤ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ የማሙሽ ጫማ አቧራው ላይ ይንሸራተት ጀመር። «ከበደኝ! ኧረ ከበደኝ!» ሶፋው አንድ ክንድ ያህል ወረደ። ሥጋ ሻጩ ከሥሩ ዘሎ ወጣ።

«ሳብ!» አለች ሶፋ ሰፊዋ በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ።

ኃላፊው ኮቱን ወንበር ላይ ወርውሮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ገመዱን ከማሙሽ ኋላ ጨብጦ፣ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። «እናትዬ!» አለ፤ የጠራው እሷን ይሁን ሌላ አልታወቀም። ሶፋው እየተንገጫገጨ ወጣ። እሷ ከላይ የፊተኛውን እግር ይዛ ወደ ውስጥ አዞረችው፤ መስኮቱን በአንድ ጣት ልዩነት አለፈና ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

ተቀምጣበት ትንሽ ተነፈሰች። ልቧ በኃይል ይመታል። ደስ አላት። ጣቶቿን በትራሶቹ መካከል አስገብታ ሞላውን ፈለገች፤ በስተግራ በኩል አልቆለታል። ተነስታ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ቅዳሜ ይደርስልሃል!» አለችው ሥጋ ሻጩን። «በግራህ መተኛቱን ግን ተው!»

ታች ልጆቿ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ኃላፊው ገመዱ የላጠውን መዳፉን ገልብጦ ያያል። ከዚያ ቀና አለ።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምናወርደው?»