ያልተጻፉት ሁለት ስንኞች

«እናንተ፣ ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ?» አለ የሟቹ ወዳጅ ኑርዬ፣ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ከዳር እንደተቀመጠ።

የሳቀለት አልነበረም። አሻግሬ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው ከሐይቅ ከተማም ከአምባሰልም መጥቷል፤ ለቅሶ መቅረት ነውር ነው። መጥቶ ግን «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይቀመጣል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ በሹክሹክታ ያወራል። ግጥም አውርዶ፣ ሟቹን በስሙ ጠርቶ የሚያስለቅስ ጠፋ።

ለተብርሃን ምክንያቱን ታውቃለች። ሃያ ዓመት አብራው የኖረችው ባሏ አሻግሬ ለቅሶ ቤት የሚሄደው ደብተር ይዞ ነበር። የወረደውን ግጥም፣ ማን ለማን እንዳለው፣ የት እንደተባለ ይጽፋል። ድሮ ሰዉ ይቀልድበት ነበር፤ «አሻግሬ ሲመጣ ሬሳው እንኳ ቀና ብሎ ‹የኔን ጻፍከው?› ይለዋል» ይሉ ነበር። ልጆች ለውትድርና መታፈስ ሲጀምሩ ቀልዱ ቀረ። በዚህ ዘመን ደብተር የያዘ ሰው ለማን ነው የሚጽፈው? ይባል ጀመር።

አሁንም ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ደብተሮቹ የት ይሆኑ?»

«ቀበሌ ነዋ! የት ሊሆኑ ኖሯል?»

«ስህን በከንቱ መች ቀረች።»

ስህን የአገሩ አልቃሽ ናት። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በወጉ እንደተቀበረ አይቆጠርም። ከሁለት ዓመት በፊት የልጇ የፈንታሁን መርዶ ከግንባር መጣ። ደረቷን እየመታች ስታወርድ ቆይታ፣ ልጇን የወሰዱትን የሚነካ ሁለት ስንኝ ከአፏ ወጣ። ቀና ስትል አሻግሬን ደብተሩ ላይ አጎንብሶ አየችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላው ቆሟል። ስህን ዝም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የአሻግሬን ደጅ አልረገጠችም።

ለተብርሃን ያን ዕለት ማታ ጠይቃው ነበር። «ጻፍከው?»

«ተይው። ካወራነው ይዛመታል፤ ከተዛመተ የሚጎዱት እሷን ነው።»

«እኔንም ታማኛለህ?»

«አንቺን ማማት አይደለም» ብሎ አጎንብሶ ጫማውን ፈታ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችም፤ ጥርጣሬው ግን ሁለት ዓመት እንደ እሾህ ውስጧ ነበረ።

የመመዝገቡን ሥራ ያስጀመረችው በስድሳ ስምንት ከዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ተመራማሪ ናት። አሥር ቀን እነሱ ቤት ተቀምጣ፣ ሽማግሌዎቹንና አልቃሾቹን ስትጠይቅ ከረመች። ስትሄድ አሥራ ሁለት ደብተር ትታለት፣ «ያልሰማኸውን አትጨምር፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ጻፍ» አለችው። ዘመኑ ይሁን መንገዱ፣ ተመልሳ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ጥናቱን ተሸክማ ያቆየችው ለተብርሃን ነበረች። እሱ አረሙን ጥሎ ቀብር ሲሮጥ፣ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትቀረው እሷ ናት። «ሂድ፣ አንተ እንባ ልቀም፣ እኔ አረም ልልቀም» ትለው ነበር፤ አንዳንዴ በሳቅ፣ አንዳንዴ በንዴት።

ዝምታው ኑርዬን አላስችል አለው።

«የግጦሹን ጠብ ረሳችሁት? ዱላ ተማዘን ስንቆም ማን ነው መሃል የገባው? ደብተሩን ገልጦ፣ የናንተ ቅድመ አያት ለኔ ቅድመ አያት ያወረደችውን አነበበልን። ክርስቲያን ናት፣ እስላሙን ‹ወንድሜ› ብላ ነው ያለቀሰችው! ዱላችንን ይዘን በየቤታችን ገባን። ወላሂ፣ ያን ቀን ደም ያልፈሰሰው በዚያ ደብተር ነው።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አሉ አንድ ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለተብርሃን ተነሣች። ቤት ገብታ ከጎታው ሥር ከተቀመጡት ደብተሮች የፈንታሁን መርዶ የመጣበትን ዓመት ደብተር አወጣችና በዳሱ መሃል አልፋ ወጣች። ሰው ደነገጠ፤ ሐዘንተኛ የራሷን ዳስ ጥላ ስትሄድ ታይቶ አይታወቅም።

«ወዴት ነው?» አለ ኑርዬ ተከትሏት።

«ስህን ዘንድ።»

«ነውር ነው ይሉሻል።»

«ይበሉ።»

«እንግዲህ አብሽሪ» አለና መንገዱን ለቀቀላት።

ስህን መደቡ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ስታያት ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ምን አመጣሽ፣ ከነሐዘንሽ?»

«እታለም፣ አልቅሱለት ልል አልመጣሁም። ይሄን አብረን እንድናየው ነው። እኔም ፈርቼ አላየሁት። ጽፎት ከሆነ ምድጃዎ ውስጥ አብረን እንከተዋለን፤ ዳግመኛም ስሙን አላነሣብዎ።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ያሻሽን ብታነቢልኝ በምን አውቃለሁ?»

ለተብርሃን ከአጠገቧ መደቡ ላይ ተቀመጠች። በመሠረተ ትምህርት የለየችውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች፣ ገጹን እስክታገኝ ገለጠች። «ስህን፣ ለልጇ ለፈንታሁን፣ መርዶው የመጣ ዕለት» ይላል። ቀጥላ አነበበች።

«በሬው ከነቀንበር ሲጠብቅህ ቆሞ፣
ማን ይፈታው ይሆን፣ ልጄ እጅህ ደክሞ?»

ከዚያ ቆመች።

«ቀጥዪ» አለች ስህን።

«የሚቀጥል የለም።»

ስህን ደብተሩን ተቀበለቻት። አውራ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች። የሁለት ስንኝ ያህል ስፍራ ነጭ ሆኖ የቀረበት ላይ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«ይሄን ለማየትስ ፊደል አያሻም» አለች። ቆይታ፣ ከባዶው ጥግ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አሳየቻት። «ይቺስ?»

ለተብርሃን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አነበበች። «እዚህ ሁለት ስንኝ አለ። በልቤ ይዤዋለሁ። እሷ ስትፈቅድ ይጻፋል።»

ስህን ደብተሩን ከድና ጭኗ ላይ አኖረችው። ውጭ በግ ጮኸ።

«በልቡ ይዞት ሄደ በይኛ» አለች ስህን። «እኔም ለማንም ደግሜው አላውቅ። እኔ ስሞት ያቺ ለልጄ ያልኳት ቃል አብራኝ አፈር ልትገባ ነው።» አስባ አስባ፣ «ቅረቢ» አለቻት።

አፏን ለጆሮዋ አስጠግታ ነገረቻት። ለተብርሃን በሹክሹክታ መለሰችው፤ አንድ ቃል ስታ ነበር። ስህን አረመቻት። እንደገና አለችው። በሦስተኛው ሳትስት አለችው።

«እንዳትጽፊው። ገና ነው።»

«አልጽፈውም።»

ስህን ተነሥታ መቀነቷን አጠበቀች። ዳገቱን ሲወጡ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ዳሱ ጋ ሳይደርሱ፣ ገና ከማሳው ጥግ፣ ስህን ደረቷን መታችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«የሰው እንባ ሁሉ ሰብስቦ አኑሮ፣
ለራሱ ሳያስቀር ሄደብን ዘንድሮ!»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ብድግ አለ። ኑርዬ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ፤ ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሴቶች ጮኸው ወጡ፤ ሦስት ቀን ታምቆ የቆየው እንባ ሁሉ ፈሰሰ። ስህን ሌላውን ስንኝ ልታወርድ ትንፋሽ ሳበች።

ለተብርሃን ደረቷን አልመታችም። እንባዋ እየወረደ፣ ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ በልቧ ልትይዘው ጆሮዋን ገለጠች።