አነሳኋት

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ በሩን ገርበብ አድርጉና ተቀመጡ። አንዲት ልብስ ሰፊ በአንድ ቃል የተነሳ ትዳሯን ለማፍረስ ምን ያህል እንደ ቀረበች ላውራችሁ።

ሰፊዋ የደንበኛ ቀሚስ ዘርግታ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክካለች። ባሏ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ቤት ያለች አልመሰለውም። ከፎቶ አጣቢው ወዳጁ ጋር በስልክ እየሳቀ ያወራል።

"አነሳኋት እኮ! እንደ ሁልጊዜው ሐይቁ ዳር ስትጠብቀኝ ነበር።" ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኧረ ሚስቴ ፊት እንዳታነሳት! አደራህን!"

አንዷ ስፒል ከንፈሯን ወጋቻት። አነሳኋት? ሹፌር ሰው ከመንገድ ያነሳል፤ እሱስ ሥራው ነው። ካሜራ የያዘ ሹፌር ግን የሚያነሳው አይታወቅም። ቢያንስ "አነሳኋቸው" ቢል ልቧ ባረፈ ነበር፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የማንም እናት ናቸው ትል ነበር። "ኋት" ያላት ግን አንቺ የሚላት ናት። አንቺ የሚላት ደግሞ በዚህ ቤት አንዲት ብቻ መሆን ነበረባት።

ይህ ሰው ካሜራ ከገዛ ወዲህ ቤተሰቡን በየወቅቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ይወስዳል። በክረምት ጭጋግ የለበሰውን ጫካ፣ በጸደይ አበባውን፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚሉትን ድንጋዮች፣ በበልግ የሚመለሱትን ነጫጭ ወፎች ያነሳል። ትንሿን ልጃቸውን፣ ሚጢጢን፣ ሁልጊዜ አንዱ ድንጋይ ላይ አቁሞ ያነሳታል፤ ድንጋዩ ባለበት፣ ልጅቷ ብቻ ትረዝማለች። ከዚያ "ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ መጣሁ" ብሎ ለግማሽ ሰዓት ይጠፋል። ሰፊዋ እስከዚያች ቀን ስለ ብርሃን ጠይቃው አታውቅም።

ሥራ እንደ ወጣ ካሜራውን ከመሳቢያ አወጣች። ጫካ፣ ወፍ፣ ሚጢጢ፣ ወፍ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከጀርባዋ። በጭጋግ፣ በአበባ፣ በድርቅ፣ በነፋስ፤ በአራቱም ወቅት ከጀርባዋ። የቅርቡ ፎቶ ላይ የለበሰችው ሰማያዊ ካፖርት ነው። ሰፊዋ ጨርቁን አወቀችው። አምና ከመደርደሪያዋ የጠፋው ነው። ያኔ ባሏ "አይጥ በልቶት ይሆናል" ብሎ ቀልዶባት ነበር።

"አይጧስ ቁመና አላት!" አለች ለብቻዋ።

ሚጢጢን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት። "የኔ ማር፣ አባዬ ብርሃን ፍለጋ ሲሄድ አንቺንም ይዞሽ ያውቃል?"

"አልነግርሽም።"

"ለምን?"

"ምዬለታለሁ።"

"እሺ፣ ሴትዮዋ ቆንጆ ናት? እሱን ብቻ።"

ልጅቷ አሰበች። "አንቺን ትመስላለች" አለች።

ይሄኛው ከሁሉም ባሰ።

እሑድ በወንድሙ አሮጌ መኪና ወደ ሰሜን ወጡ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ነፋሱ ይጋረፋል።

"ዛሬ ፊትሽ ደመና ነው" አላት።

"ካሜራህ ደመና አይወድም?"

"ይወዳል እንጂ።"

"ምን የማይወደው አለ ብለህ ነው!"

ሐይቁ ዳር ደረሱ። ሚጢጢ ድንጋይዋ ላይ ቆመች፤ ፎቶ ተነሳች። ሹፌሩም ሰማዩን አየና "ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ መጣሁ" አለ። ሰፊዋ እስከ መቶ ቆጠረች። ከዚያ ልጇን በእጇ ይዛ ዱካውን ተከተለች።

ከሸምበቆው ማዶ፣ ጀልባዎች የሚታሰሩበት ቦታ፣ ሰማያዊው ካፖርት ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ ቆሟል። ባሏ ከኋላ በርከክ ብሎ ያነጣጥራል። ሰፊዋ ሁለት ቀን ሙሉ ያጠነጠነችውን ስድብ አፏ ላይ አድርጋ ቀረበች። የሰፊ ዓይን ግን ከልብ ይቀድማል። ከኪሱ ጥግ ላይ በእጅ የተሰፋች ትንሽ ሦስት ማዕዘን አየች፤ ኪስ እንዳይቀደድ የምትደረግ። ራሷም ሁልጊዜ ታደርጋታለች። ያስተማረቻት አንዲት ሴት ናት፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት "ልጄን ለሹፌር አልሰጥም" ብላ ሰርጓ ላይ ያልተገኘች ሴት።

ስድቡ አፏ ላይ ቀረ። ቁጣው ግን አልጠፋም፤ ቦታ ብቻ ለወጠ።

"ስንት ጊዜ ዋሸኸኝ?" አለችው።

ሹፌሩ ተነሳ። "ስሟ ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ብለሽ አስምለሽኛል። እኔም አንድ ቀን በአፌ አላነሳኋትም።" ካሜራውን ከፍ አደረገ። "ይቺ ናት ያነሳቻት።"

"አማትህን አንቺ ትላታለህ?"

ሴትዮዋ ሳይዞሩ መለሱ። "እኔ ነኝ ያልኩት። ሰርግ ያልመጣች አማት አንቱ አትባልም። ጨርቁንም አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የሱቅሽን ነገር ልልበስ ብዬ ነው።"

"የት ተገናኛችሁ?"

"ዝናብ እየመታት ከመንገድ ዳር በአውቶቡሴ አነሳኋት" አለ ሹፌሩ። "እኔን ስታይ ልትወርድ ነበር። ዝናቡ አላስወርድ አላት።"

"አሁንስ ምን ፈልጋ ነው? ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለ ሰው በነጻ አይመጣም።"

"ልክ ነሽ" አሉ እናትየው። "የልጅሽን ፎቶ ፈልጌ ነው። በየወቅቱ አንድ ያመጣልኛል። እሱም የእኔን አንሥቶ ላንቺ እንደሚያስቀምጥ ሲነግረኝ፣ እሷ ካልፈቀደች ፊቴን አታንሳ አልኩት።"

ሰፊዋ አላመነችም። ሰው ሲያሳዝን ማመን ትፈራለች። እንዲህ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ግን የካፖርቱን ግርጌ አየች። በአንድ ጎኑ አራት ጣት ያህል ወርዷል። አንድ ክር ከጠመመ ሙሉውን ልብስ የምታስፈታት እናቷ ናት ይህን የሰፋችው። ዓይኗ ደክሞ መርፌው መቼ እንደ ተሰወረባት ማን ያውቃል።

ከደረቷ ላይ ስፒሎቿን ነቀለች፤ ሰፊ ያለ ስፒል ከቤት አይወጣም። ተንበረከከች።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለች። ልጅ ሳለች እናቷ የምትላት ቃል ነው። "ይቅር አላልኩሽም። ጠርዙ ጠሞ ነው።"

"እሺ" አሉ እናትየው፤ ቀጥ ብለውም ቆሙ።

ሰፊዋ ዙሪያውን ሰክታ ጨረሰች። ከዚያ የእናቷን ትከሻ ይዛ ቀስ ብላ ከውሃው መለሰቻት፤ ወደ ባሏም ዞረች።

"ምን ትገተራለህ? ብርሃኑ ሳይሸሽ ከፊቷ አንሳት።"

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው የሚነሳው በካሜራም በአፍም ነው። እኔንም ባለፋችሁ ባገደማችሁ ቁጥር በደግ አንሱኝ።