ብናኝ እንዳይገባ

1.

አልበራም።

ጌዲዮን የኮምፒውተሩን ቁልፍ ደግሞ ተጫነው። ፋኑ ግማሽ ዙር ሞከረና ቆመ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። እናታችን በሩ ላይ ቆማ «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» ትላለች። ዕለቱ ዓርብ ነው። እኔ እህቱ ዘነበች ነኝ። የምጽፈው እኔ የሆንኩት እሱ ስለዚህ ነገር ማውራት ስላልፈለገ ነው።

2.

በቁጥር የከፋፈልኩት ዘመናዊ ጸሐፊ ለመምሰል አይደለም። በአንድ ትንፋሽ ልጽፈው ሞክሬ፣ እናቴ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። እና አንባቢ ሆይ፣ ታገሠኝ። ካልፈለግህም ተወው፤ ዛሬ ማንንም የምለማመጥበት አንጀት የለኝም።

3. ቃል

ሆሳዕና ውስጥ ወንድም ያላት ሴት ሁሉ የምትፈራው ነገር አለ። የሰፈራችን ልጆች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ከፊሎቹ ደርሰው ይደውላሉ፤ ከፊሎቹ አይደውሉም። ጌዲዮንም ከደላላው ጋር ጨርሶ ነበር። ያዘገየው ሥዕሉ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የካርቱን ፊልም ድርጅት ሥራዎቹን አይቶ፣ «ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ካለህ እዚያው ሆነህ ትሠራልናለህ። እስከ ቅዳሜ የሙከራ ሥራ ላክ» አለው።

ዕቃውን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ኮምፒውተሩን ራሱ ሊገጣጥም ተነሳ። እናታችንን አጠገቡ አስቀመጣት።

«እማ፣ ይሄ ነገር ከተነሳ እቀራለሁ።»

«ካልተነሳስ?»

«ሰኞ ከልጆቹ ጋር እወጣለሁ።»

4. መመሪያ (ለእኔ የተነገረ)

ኬዙ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚታሰርበት የብረት ሳጥን፣ አሮጌ ስለነበር ትልቁ ፋን አልገባበትም። ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር ማስቆረጥ ነበረበት።

የሚቆረጠው ባዶ ኬዝ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ ቤት ይቀመጥ፣ ተሸፍኖ።

የተቆረጠውን ጠርዝ ሞርጂው። በብሩሽ ጥረጊው። በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪው። አድርቂው።

ማግኔት አዙሪበት።

ጨረስኩ ስትዪ እንደገና አዙሪበት።

ብየዳ ቤት የዋልሽበትን ልብስ ሳትቀይሪ እዚህ ክፍል አትግቢ።

«ምን ይሄ ሁሉ?» አልኩት።

«የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዘኔ። መገናኘት የሌለባቸውን ነገሮች ያገናኛል። ካንቺ ፀጉር የቀጠነ ቅንጣት ሁሉንም ያነደዋል።»

ፀጉሬ ወፍራም መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ ሊያናድደኝ ነው። እንዲህ ነበር የሚቀልደው ያን ሰሞን። ሁሉንም በሥርዓቱ ሠራ። ዓይኔ እያየ።

5. መመሪያ (ለእናታችን የተነገረ)

«እማ፣ አቧራ እንዳይነካው። አደራ።»

ይኸው ነው። ስለ ብረት አልነገራትም። ነገር ታበዛለች፣ ትጨነቃለች ብሎ።

6.

(እዚህ ላይ ነው እጄ እምቢ ያለው።)

7.

ዓርብ ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጌዲዮን አንድ የጎደለ ገመድ ፍለጋ ገበያ ወጥቷል። የካቲት ነው፤ አቧራው ቤት ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እናታችን ተገጣጥሞ ያለቀው ኮምፒውተር ላይ አቧራ አየች።

በኛ ከተማ አቧራ የጠጣ ነገር ሁሉ ጎሚስታ ይሄዳል። ሬዲዮም ሆነ የስፌት መኪና ጋሽ ኤርካሎ ጋ ይወሰድና ጎማ በሚነፋበት ኮምፕረሰር እፍ ይባላል። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ እኔም ቴሌቪዥናችንን ወስጃለሁ። እሷም በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ባጃጅ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ወሰደችው። ከዚያ መልሳ እቦታው አስቀመጠችው። ለማንም አልተናገረችም፤ የተለየ ነገር የሠራች አልመሰላትም።

8. አልበራም ካለ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ሁለታችን መንገድ ላይ ሳለን፤ ቃል በቃል

ጋሽ ኤርካሎ፦ ጌዲ! ተነሳልህ ወይ? አጥርቼ ነፍቼልሃለሁ እኮ!

ጌዲዮን፦ ምኑን ጋሼ?

ጋሽ ኤርካሎ፦ ኮምፒውተሩን ነዋ። እናትህ አምጥታው። ጎኑን ከፍቼ ጥርግ! ሳንቲም እንኳ አልተቀበልኳት፤ ለጌዲ አይደል?

ጌዲዮን፦ ጋሼ፣ የኮምፕረሰሩ ቱቦ የት ነበር?

ጋሽ ኤርካሎ፦ ቱቦው? መሬት ላይ ነዋ፤ እዚያው ብየዳ ቤቱ ደጃፍ፣ እነሱ ከሚቆርጡበት። ምነው? አበላሸሁ እንዴ ልጄ?

ጌዲዮን፦ ኧረ አይ። እግዜር ይስጥልኝ።

9.

ቤት ገብተን ከፈትነው። በስልኬ መብራት አበራሁለት። ዘይት በነካው የቱቦ አፍ ላይ የተለጠፈው ብናኝ ሁሉ ማዘርቦርዱ ላይ ተረጭቷል፤ በየስንጥቁ ያብለጨልጫል። አንዱ ጥግ ጠቁሯል። ማግኔቱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

የምጠላው ሰው ፈለግሁ። ማንን ልጥላ? ሁሉም የሚወደውን ሰው ነው የረዳው።

10. ቅዳሜ፣ የሙከራ ሥራው የሚላክበት ቀን

ምንም።

11. እሑድ

ምንም። እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሻንጣውን አየችው።

12.

ሰኞ ከመውጣቱ በፊት ጓሮ ጠራኝ።

«እንዳትነግሪያት።»

«ብትጠይቀኝስ?»

«በራሷ እጅ እንደሸኘችኝ ካወቀች አትተርፍም፣ ዘኔ። ሌላ ነገር ፈልጊላት። አስተማሪ አይደለሽ?»

ሄደ። እስካሁን አልደወለም። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እዚህ መጻፍ የደፈርኩትም ለዚሁ ነው።

13. ዛሬ

እማ፦ ዘኔ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ። እውነቱን ንገሪኝ።

እኔ፦ የምኑን፣ እማ?

እማ፦ ልጄ አደራ ብሎኝ ነበር። አቧራ እንዳይኖርበት ያላደረግሁት የለም። ታዲያ ምን ገብቶበት ነው?

እኔ፦